ዘንዶው አሥር ጉልበት ቀርቶት ነበር

ዘንዶውን አሥራ ሰባት ጊዜ ገጥመነዋል። ይህን የምለው ከትዝታ ተነስቼ አይደለም፤ ደብተሩ ጠረጴዛዬ ላይ ነው። ባለ ሃምሳ ሉክ፣ አንዱ ጥጉ በእሳት የተለበለበ። ሽፋኑ ላይ «የውጊያ መዝገብ። ሐዳሳ ተገኘ፣ 4ኛ ሐ» ይላል። ለእያንዳንዱ ውጊያ አንድ ገጽ፣ በእያንዳንዱ ገጽ በማስመሪያ የተሰመሩ አምስት ዓምዶች። ዙር፣ ማን ጣለ፣ ስንት ወጣ፣ ለዘንዶው ስንት ቀረ። አምስተኛው ጠባብ ነው፤ አናቱ ላይ «ወሬ» ብዬ ጽፌበታለሁ። የማይቆጠር ነገር ሁሉ እዚያ ይገባ ነበር።

ዘንዶውን ሆሳዕና ድረስ ያመጣብን የእናቴ ታናሽ ወንድም ነህምያ ነው። በ2003 የካቲት መጨረሻ፣ እኛ ትምህርት ላይ እያለን፣ አንድ ሻንጣና አንድ ፌስታል ይዞ ከዩኒቨርሲቲ መጣ። «ረፍት ነው» አለ። ሃያ ዓመቱ ነበር። እናቴ የእኔን ክፍል አስለቅቃ አልጋዬን አነጠፈችለት፤ እኔ ከስድስት ዓመቱ ወንድሜ ከአዶናይ ጋር ሳሎን ፍራሽ ላይ ተመደብኩ። አዶናይ በእንቅልፉ እንደ በቅሎ ይራገጣል። ይህን የማነሳው በኋላ ስለሚያስፈልግ ነው። ነህሚን እወደው ነበር፤ ክፍሌንም እፈልገው ነበር።

ፌስታሉ ውስጥ የታተሙ ወረቀቶች ነበሩ፣ ሠላሳ ገጽ ያህል። ዶርም ውስጥ ከአንድ ልጅ ላፕቶፕ ላይ ያሳተመው ጨዋታ ነው። ሰሌዳ የለውም፣ ካርታ የለውም። አንድ ሰው አጫዋች ይሆናል፤ አገሩን፣ መንገዱን፣ አውሬውን በቃል ይተርካል። ሌሎቹ «እንዲህ አደርጋለሁ» ይላሉ፤ ይሳካ አይሳካ ዳይስ ይወስናል። ዳይሱን ከአሮጌ ሉዶ ወሰድን።

አንዱ ገጽ ላይ ዘንዶው ነበር። ጥቁር ነው። ፊቱ ሥጋ የሌለው ይመስላል፣ ቀንዶቹ ወደ ፊት የተቆለመሙ፣ አካሉ በሙሉ ውሃ ውስጥ ሆኖ ዓይኑና አፍንጫው ብቻ ወጥተዋል።

«ሌሎቹ ዘንዶዎች ተራራ ይወዳሉ» አለ ነህሚ። «ይሄኛው ረግረግ ነው የሚወደው። የበሰበሰ ነገር፣ የቆመ ውሃ። እሳት አይተፋም፤ አሲድ ነው የሚተፋው።»

«የባትሪ ውሃ?» አለች ረምላ።

«የባትሪ ውሃ።»

ረምላ የጎረቤታችን የጋሽ ኑሪ ልጅ ናት፤ እኩያዬ። አባቷ በአይሱዙ ከሆሳዕና ቦኖሻ እህል ያመላልሳል፤ እሷም በትምህርት መዝጊያ ጋቢና ውስጥ ተቀምጣ አብራው ትሄድ ነበር። ስለዚህ ነህሚ የዘንዶውን መኖሪያ ቦኖሻ አጠገብ ያለው የቦዮ ረግረግ ላይ ሲያደርገው፣ የአገሩ አዋቂ እሷ ሆነች። ፊላው ከሰው ቁመት በላይ እንደሆነ፣ ጉማሬዎቹ ሲመሽ ወጥተው በቆሎ እንደሚበሉ፣ ጭቃው ጫማ ከዋጠ እንደማይመልስ ነገረችን። ነህሚ እየሰማ ወዲያው ታሪኩ ውስጥ ያስገባው ነበር።

እኔ ቀስተኛ ነበርኩ። ረምላ ነጋዴ ሆነች። «ነጋዴ እንዴት ይዋጋል?» ብላት፣ «ነጋዴ መንገድ ያውቃል» አለች። አዶናይ አንበሳ ካልሆንኩ ብሎ አለቀሰ። ነህሚ ሰው ብቻ ነው የሚፈቀደው ሊለው ጀምሮ ፊቱን ሲያይ ተወው። አዶናይ ይነክሳል፤ ሥራው ያ ብቻ ነበር።

ሕጉን በመጀመሪያው ገጽ ላይ ገልብጬዋለሁ። ዘንዶው አርባ ጉልበት አለው። አራት፣ አምስት ወይም ስድስት ከወጣልህ ታቆስለዋለህ፤ የወጣው ቁጥር ያህል ይቀነስበታል። ከዚያ በታች ከወጣ ስተሃል። በየዙሩ መጨረሻ፣ ጭቃው ውስጥ እስካለ ድረስ፣ ስድስት ጉልበት ይመለስለታል። ከአሥር ዙር በኋላ ይመሻል፤ ዘንዶው ውሃ ውስጥ ይሰወራል፤ በሚቀጥለው ቀን በአርባ ይጀምራል።

የምንጫወተው ከትምህርት ቤት ስንመለስ፣ ጓሮ፣ እንሰቱ ሥር ነበር። ከቀትር በኋላ የሚመጣው ዝናብ በእንሰቱ ቅጠል ላይ ሲወርድ ነህሚ ድምፁን ከፍ ያደርጋል። ዝናቡ ራሱ ረግረጉ ላይ የሚዘንብ ይመስለኝ ነበር። ታሪኩ ሁልጊዜ እዚያው ይደርሳል፤ ፊላውን ገፍተን እንገባለን፣ ውሃው ይንቦጫረቃል፣ ሁለት ዓይኖች ይወጣሉ። ከዚያ ነህሚ አንገቱን ወደ ትከሻው ያስገባና ከሆዱ በሚወጣ ወፍራም፣ ዝግ ያለ ድምፅ ይናገራል።

«ተቀመጡ። ረጅም ነው።»

እኔ ቀስቴን እወረውራለሁ።

አንድ ቀን ረምላ፣ «እስቲ መጀመሪያ ሰላም እንበለው» አለች። «ሰው ቤት ገብተን ዝም ብለን…»

«ዘንዶ ነው እኮ!» አልኳት። «ተራሽን አታባክኚ። ጣዪ።»

ጣለች፤ ሁለት ወጣ። ነህሚ ዳይሱን አንስቶ ለአፍታ መዳፉ ውስጥ ያዘው። «መስማት ይችላል» አለ። «መናገርም ይችላል። እንዲያው ለማወቅ ያህል።»

«ስድስቱን ጨምርለት አሁን» አልኩት። «አራተኛ ዙር።»

ደብተሩ ላይ ያ ቀን ሰባተኛው ውጊያ ነው። በ«ወሬ» ዓምድ ውስጥ፦ «ረምላ ሰላም እንበለው አለች። ጊዜ አባከነች።»

ወሩ አለፈ፤ ሁለተኛውም ተጋመሰ። ረፍቱ አላለቀም። አባቴ ግብርና ጽሕፈት ቤት ይሠራ ነበር፤ ለምሳ ሲመጣ ነህሚን ያየዋል፣ «ደህና ዋልክ?» ይለዋል፣ ነህሚም ይነሳለታል፣ ከዚያ ሁለቱም ቆጮአቸውን ዝም ብለው ይበላሉ። አንድ ቀን አባቴ እጁን እየታጠበ ለእናቴ በቀስታ፣ «ይሄ ልጅ ትምህርት የለውም እንዴ?» አላት።

«ጠይቀው» አለችው።

«እኔ? አማቼን ከቤቴ መቼ ትሄዳለህ ልበለው? ደግ ሰው ነሽ አንቺም!»

እኛ ዘንድ እንግዳ አይጠየቅም፤ በተለይ የሚስት ወንድም። የመጣበትን ይናገራል እንጂ አይጠየቅም። ካልተናገረም ምግብ ይቀርብለታል። ጎረቤትም አልጠየቀም። ሁሉም ሰው እጅግ ጨዋ ነበር።

እናቴና ነህሚ የሚነጋገሩት በከምባትኛ ነበር። እናቴ የዱራሜ ልጅ ናት፤ እኛ ልጆቹ ግን የአባታችንን ሀዲይኛና የትምህርት ቤቱን አማርኛ ይዘን ነው ያደግነው። ከከምባትኛቸው የማውቀው የለቃቀምኳትን ጥቂት ነው። ማጀት ውስጥ ሆነው ሲያወሩ እናቴ ድምፅዋን ዝቅ ታደርጋለች፤ ከመሃል «ሬጅስትራር» የሚል ቃል ብድግ ይላል። ደጋግሞ ስለሚመጣና ሁልጊዜም ነህሚ ቃሉ ላይ ሲደርስ ስለሚያቀረቅር፣ ሬጅስትራር የሚባል ክፉ ሰው እንዳለ፣ ነህሚም ከሱ ተደብቆ እኛ ዘንድ እንደመጣ ደመደምኩ። ያ ግምት ከሌሎቹ ግምቶቼ ሁሉ ለእውነት የቀረበ ነበር።

አማች ስላልሆንኩ እኔ ጠየቅኩት። እንሰቱ ሥር ነበርን፤ አዶናይና ረምላ ገና አልመጡም።

«ነህሚ፣ መቼ ነው የምትመለሰው?»

ወረቀቶቹን አስተካከለ። «ዘንዶው ሲሞት።»

«የምርህን?»

«የምሬን።»

ከዚያ ቀን ጀምሮ ነገሩ ጨዋታ መሆኑ ቀረ። ዘንዶው ሲሞት ነህሚ ወደ ትምህርቱ ይመለሳል፣ እኔም ወደ አልጋዬ። ደብተሩን የከፈትኩት ያን ዕለት ነው፤ እስከዚያ ያደረግናቸውን ውጊያዎች ረምላን እየጠየቅኩ፣ ያልተስማማንበትን በእርሳስ እየጻፍኩ ከኋላ ሞላሁ። ከዚያ በኋላ አንድም ዳይስ ሳይመዘገብ አልወደቀም። ቁጥሮቹን ማታ ፍራሼ ላይ ሆኜ አያቸው ነበር። አርባ፣ ሠላሳ አንድ፣ ሠላሳ ሰባት፣ ሃያ ስምንት፣ ሠላሳ አራት። እንወስዳለን፣ ይመልሳል። አሥራ ሁለት ላይ ደርሶ ያውቃል፣ ዘጠኝ ላይ ደርሶ ያውቃል። በጥርሴ ብርድ ልብሱን እነክስ ነበር። አንድ ነገር ልክ አልነበረም፤ ምን እንደሆነ ማሳየት ግን አልቻልኩም። ሳላሳይ ደግሞ ማንም አይሰማኝም።

አሥራ ሰባተኛው ውጊያ የሆነው በሚያዝያ፣ ዓርብ ቀን ነው። ዘጠነኛ ዙር ላይ ዘንዶው አሥራ አምስት ነበር። እኔ ጣልኩ፤ ስድስት። ዘጠኝ ቀረው። ረምላ ጣለች፤ አምስት። አራት ቀረው! ረምላ ተነስታ ዘለለች። አዶናይ ዳይሱን በሁለት እጁ አንቀጫቅጮ፣ እንደ አንበሳ አግስቶ ጣለ።

አንድ።

«ስቷል» አለ ነህሚ። «ዙሩ አለቀ። ስድስት ይመለስለታል። አሥር።»

«አይመለስለትም!»

«ሐዱ፣ ሕጉ ነው።»

«ሊሞት ሲል ነው የምታድነው! ሁልጊዜ ሊሞት ሲል! አንተ ከሱ ጋር ነህ!»

«አንድ ዙር አለሽ እኮ። ተራው ያንቺ ነው። ወይ ደግሞ…» ደክሞት እንደነበር አሁን ይገባኛል። «ጭቃው ውስጥ እስካለ እንደሚድን ታውቂያለሽ። ለምን ከጭቃው እንዲወጣ አታደርጉትም?»

«እንዴት?»

«እኔ ልነግርሽ አልችልም። አጫዋች ነኝ።»

ዳይሱን አንስቼ ከአጥሩ ማዶ ወረወርኩት። ደብተሬን ብብቴ ሥር ሸጉጬ ወደ ቤት ገባሁ።

በማግሥቱ ቅዳሜ፣ ከሰዓት በኋላ፣ የሰፈሩ ጸሎት ተራ የኛ ቤት ነበር። በሩ ላይ ጭቃ የያዙ ጫማዎች ተደርድረዋል፤ ሳሎኑ እርጥብ ጃኬትና የተቆላ ገብስ ይሸታል። ሶፋው ላይ ጋሽ ወንዳፈረው የቤተ ክርስቲያኑ ሽማግሌ ተቀምጠዋል፤ አጠገባቸው የጸሎት ቡድኗ መሪ እህት ሰብሌ። ጋሽ ወንዳፈረው ሁለት ዓመት ሙሉ በአጥር የተካሰሱ ጎረቤቶቻችንን በአንድ ከሰዓት ያስታረቁ ሰው ናቸው። ሁለቱንም ወገን ሰምተው፣ አጥሩን በእርምጃቸው ለክተው። ከሳቸው የተሻለ ዳኛ አላውቅም ነበር።

ጸሎቱ ተጠናቆ ቆሎው ሲዞር ደብተሬን ይዤ መሃል ቆምኩ።

«አባባ፣ አንድ ጉዳይ አለኝ።»

ሰዎቹ ፈገግ አሉ። አባቴም። «ምን ጉዳይ ነው ደግሞ፣ የኔ ጠበቃ?» አለ።

«ነህሚ ከዘንዶው ጋር ወግኗል። ልንገድለው ስንል ያድነዋል። ማስረጃ ይዣለሁ።»

የቆሎው ድምፅ ቆመ። ጋሽ ወንዳፈረው እጃቸውን ዘረጉ፤ ደብተሩን ሰጠኋቸው። መነጽራቸውን አውጥተው በሸሚዛቸው ሳይሆን በመሃረብ ጠረጉ፤ ያ ጥንቃቄያቸው ደስ አለኝ። ገጽ ገለጡ። ሌላ ገጽ ገለጡ።

«ይህን ማን አስተማረሽ?»

«ነህሚ። ከዩኒቨርሲቲ ነው ያመጣው።»

«ስንት ጊዜ አደረጋችሁት?»

«አሥራ ሰባት። ሁሉም ቀን ተጽፏል።»

«በምንድን ነው?»

«ዳይስ በመጣል።»

«ዕጣ» አለች እህት ሰብሌ ለብቻዋ።

«ታዲያ ነህምያ ከዘንዶው ጋር ይነጋገራል?»

ጥያቄው ትክክል ስላልነበረ አረምኩት። «አይነጋገርም። ዘንዶው በሱ ነው የሚናገረው። ድምፁ ይለወጣል።»

አሁን ከዋናው ነገር እየራቅን መሰለኝ። ቁጥሮቹን እንዲያዩ ወደ መጨረሻው ገጽ ጠቆምኳቸው፤ አራት የነበረው አሥር የሆነበትን። አላዩትም። አባቴን አየሁት፤ ፊቱ አመድ መስሏል። አንድም ሰው ስሌቱን አልተመለከተም። ያ ንዴት ዛሬም ድረስ አልለቀቀኝም፤ ያን ያህል ለፍቼ የሠራሁትን ሠንጠረዥ ትተው ስለ ድምፅ ይጠይቁኛል።

ነህሚ ተጠራ። ከክፍሌ ወጣ፣ ወረቀቶቹን አሁንም በእጁ እንደያዘ። ደብተሩን ጋሽ ወንዳፈረው ጉልበት ላይ አየው። ከዚያ እኔን አየኝ። እናቴ የማጀቱ በር ላይ ቆማለች፤ ሰሃን ይዛ።

«ልጄ» አሉ ጋሽ ወንዳፈረው፤ ድምፃቸው ክፉ አልነበረም። «ዱራሜ ላይ፣ እኔም በነበርኩበት፣ መድረክ ፊት አንበርክከን፣ እጅ ጭነን ወደ ዩኒቨርሲቲ የላክንህ ልጅ ነህ። ሁለት ወር ያህል እዚህ ተቀምጠህ ማንም አልጠየቀህም። አሁን ልጠይቅህ። ከትምህርትህ ያስነሳህ ይሄ ነው ወይ?»

ነህሚ እህቱን አየ። እናቴ አንገቷን አላነቃነቀችም፤ ሰሃኑን ብቻ ወደ ደረቷ አስጠጋችው።

«አዎ» አለ። «ይሄ ነው።»

አመነ! ሽማግሌ ፊት፣ በገዛ አፉ፣ ማጭበርበሩን አመነ። ደስታዬን ለመደበቅ ከንፈሬን ነከስኩ።

ልጆች ውጡ ተባልን። ከቤት ውስጥ የብዙ ሰው ድምፅ አንድ ላይ ተነሳ፣ ከፍ እያለ፣ እጅ እየተጨበጨበ፤ ከመሃሉ የነህሚ ልቅሶ ወጣ። ረምላ በአጥራቸው ቀዳዳ በኩል እያየች ነበር።

«ለምን ያስለቅሱታል?»

«ስላጭበረበረ።»

«ለዳይስ?» አለች። «እኔማ ሰላም እንበለው ብዬ ነበር።»

ሲጨርሱ ወረቀቶቹን ጓሮ ውስጥ አቃጠሏቸው። ዘንዶው ያለበት ገጽ መጨረሻ ላይ ተጠቅልሎ ጠቆረ። ደብተሬም ተጣለ፤ እሪ ብዬ ጮህኩ፤ አባቴ በክንዴ ይዞ አስገባኝ። ለእኔ ያ ዳኝነት ሳይሆን ዝርፊያ ነበር። የተበደልኩት እኔ፣ የተቃጠለው የእኔ ማስረጃ። እህት ሰብሌ እያለፈች ራሴን ዳበሰችኝ። «እግዚአብሔር በሕፃን አፍ ገለጠው» አለች። ነህሚ ተፈቷል፤ ሰኞ ወደ ትምህርቱ ይመለስ ተባለ። ሰው ሁሉ ደስ ብሎት ተቃቅፎ ተለያየ።

ሰኞ ጠዋት መናኸሪያ ሸኘነው። አባቴ ቀድሞ ትኬት ቆርጦለት ነበር። ጋሽ ወንዳፈረውም ከነጃንጥላቸው መጥተዋል። የሐዋሳው አውቶብስ ሞተሩን አስነስቶ ረዳቱ በሩን ሲደበድብ ነህሚ እግሬ ሥር ቁጢጥ አለ።

«በይ ሐዱ። ዘንዶው ሞተ።»

«አልሞተም» አልኩት። «አሥር ጉልበት ቀርቶት ነበር። ተራውም የኔ ነበር።»

«ሽማግሌዎቹ ገደሉታ።»

«እነሱ አይጫወቱም! እኔ ነኝ መግደል የነበረብኝ።»

ሳቀ፤ ከዚያ ሳቁ መሃል ላይ ተበላሸበት። ግንባሬን ሳመኝና ገባ። መስኮቱ ጭቃ ስለነበረ እጁን እንጂ ፊቱን አላየሁም።

በዚያ ቀን አልጋዬን አገኘሁ። እግሮቼን እስከ ጥጉ ዘርግቼ ተኛሁ። ደስ አለኝ ብዬ ብጽፍ እውነት ነው፤ እዚህ ገጽ ላይ መዋሸት አልፈልግም።

የሚመለስበት ትምህርት አልነበረም። የመጀመሪያው ሴሚስተር ውጤት የወጣው በጥር ነው፤ ስሙ ከተባረሩት ዝርዝር ውስጥ ነበር። ይህን ያወቅኩት አምና ነው። ወላጆቼ ቤት ሲቀይሩ እናቴ ከቁምሳጥን ሥር አውጥታ፣ ጥጉ የተለበለበውን ደብተር በጨርቅ እንደተጠቀለለ ሰጠችኝ፤ መባረሩንም ነገረችኝ። ያን ዕለት ከእሳቱ በእንጨት ጎትታ አውጥታዋለች።

«አንቺ ያኔ ታውቂ ነበር?» አልኳት።

«እሱ እንደመጣ ነው የነገረኝ። ለአባትሽ ንገር እለዋለሁ፤ ዛሬ ነገ ይለኛል።»

«ታዲያ ያን ቀን ለምን ዝም አልሽ?»

ጨርቁን አጣጠፈች፣ ፈታች፣ እንደገና አጣጠፈች። «መድረክ ላይ የተጸለየለት ልጅ ነው። ወድቆ ተባረረ ከሚሉት፣ ክፉ መንፈስ ይዞት ነበር ተፈታ ቢሉት… ቀለለኝ፣ ሐዱ። ለሱም የቀለለው መስሎኝ። ሐዋሳ ከደረሰ በኋላ ዞሮ ዱራሜ፣ እህቴ ጋ ይገባል ብዬ ነበር። እንደዚያ ብሎኝ ነው የሄደው።»

ዱራሜ አልገባም። ከአምስት ወር በኋላ የደወለው ከድንበር ማዶ ነው። አሁን ደቡብ አፍሪካ፣ አንዲት ትንሽ ከተማ ውስጥ ሱቅ አለው። ለአዲስ ዓመትና ለፋሲካ ይደውላል። ደህና ናችሁ፣ ደህና ነኝ፣ ዝናቡ እንዴት ነው። እንዴት እንደሄደ፣ መንገዱ ላይ ምን እንዳገኘው፣ ለምን አንድም ጊዜ እንዳልተመለሰ አልተናገረም። እኛም አልጠየቅንም። አባቴ እስከ ዛሬ «በሰላም ይኑር እንጂ» ይላል። ስልኩ በተዘጋ ቁጥር ብርድ ልብስ የምነክስበት ያ ንዴት ይመለስብኛል። ለአሥራ አራት ዓመት ስለ ዝናብ ተነጋገርን።

እኔ አሁን ላቦራቶሪ ውስጥ ነው የምሠራው፤ ቀኑን ሙሉ በማይክሮስኮፕ የደም ናሙና አያለሁ። ሥራ የጀመርኩ ቀን አለቃዬ የውጤት ቅጹን ሰጥታኝ፣ መጨረሻው ላይ ያለውን «ሌላ» የሚል ባዶ ቦታ በጣቷ መታ መታ አደረገች። «የማታውቂውንም ጻፊ» አለችኝ። «የወባ ተውሳክ ብቻ ከፈለግሽ ሌላው ዓይንሽ ሥር ያልፋል።» ጥሩ ባለሙያ ነሽ ይሉኛል። እንግዲህ ያን ደብተር እንደ ባለሙያ ቁጭ ብዬ መረመርኩት።

መጀመሪያ ቁጥሮቹን ደመርኩ። አሥራ ሰባቱንም ውጊያ፣ እያንዳንዱን ዙር። አንድም ቦታ አላጭበረበረም። ሦስታችን በአንድ ዙር በአማካይ የምንወስደው ሰባት ተኩል ነው፤ እሱ ስድስት ይመልሳል። በአሥር ዙር አሥራ አምስት ብቻ። አርባ ጉልበት በዚያ መንገድ አያልቅም። ያን የመጨረሻ ዓርብ ዳይሱን ባልወረውረው ኖሮ፣ በቀረን አንድ ዙር የመግደል ዕድላችን ከስምንት ሦስት ነበር። ይህን ሳሰላ ለጊዜው በራሴ ተናደድኩ። ከዚያ ወደ አምስተኛው ዓምድ ሄድኩ።

«ተቀመጡ ረጅም ነው አለ።» «ነህሚ ዘንዶው ይሰማል አለ።» «ተቀመጡ ረጅም ነው አለ።» «ነህሚ ሁሉም ዘንዶ አይዋጋም አለ።» «ተቀመጡ ረጅም ነው አለ። እንደተለመደው።» ከአሥራ ሰባቱ ገጾች በአሥራ አራቱ ላይ አለ፤ በእኔው ጽሑፍ፣ በጠባቡ ዓምድ፣ «ወሬ» ከሚለው ሥር። የመጀመሪያው ገጽ ላይ ያለውን ሕግ መልሼ አነበብኩት፤ ጭቃው ውስጥ እስካለ ድረስ። ከጭቃው የሚወጣው ሲወጉት ሳይሆን ታሪኩን ሲጠይቁት ነበር። አንዳችን ቁጭ ብለን ብንጠይቀው።

እሑድ ከሰዓት ደወልኩለት። በዓል ስላልነበረ ደነገጠ።

«ምን ሆናችሁ? እናትሽ…?»

«ሁሉም ደህና ናቸው። ነህሚ፣ ደብተሩ ተገኘ።»

«የቱ ደብተር?»

«የውጊያው።»

ከጀርባው አንድ ሰው የማላውቀው ቋንቋ ተናገረ፤ ነህሚ በዚያው ቋንቋ መለሰለት፤ መሳቢያ ተዘጋ።

«ተቃጥሎ አልነበር?»

«እማዬ አወጣችው።»

«እሷ?» አለ። ከዚያ በቀስታ፣ «ስንት ቀርቶት ነበር?»

«አሥር።»

«አዶናይ ነክሶት ነበር መሰለኝ።»

«አዶናይ አንድ ነው የወጣለት። ስቷል።»

«ወይ አንቺ ልጅ!» ሳቁ ሳይጨርስ መስመሩ ተቋረጠ። እንደገና ደወልኩ፤ አይገባም። ደግሜ ደወልኩ፤ ድምፁ እንደ ቆርቆሮ ተቆራረጠና ጠፋ። ስልኩን ግድግዳው ላይ ለመወርወር ምንም አልቀረኝም ነበር። አንድ ዳይስ በዚህ መንገድ አጥቻለሁ። አራተኛው ላይ ገባ።

«አላጭበረበርክም» አልኩት ገና ሃሎ ሳይል። «ሁሉንም ደምሬዋለሁ።»

«አሥራ አራት ዓመት ፈጀብሽ?»

«ይቅርታ፣ ነህሚ።»

«አሥር ዓመትሽ ነበር፣ ሐዱ። ተይው።» ልክ ስለ ዝናቡ ሊጠይቀኝ እንደሆነ ገባኝ፤ ትንፋሹን ሲወስድ ሰማሁት። ከዚያ ሐሳቡን ቀየረ። «ተራው የማን ነበር?»

«የኔ።»

«በይ ጣዪ።»

«አልጥልም። ልጠይቀው ነው።»

«ማንን?»

«ዘንዶውን። እዚያ ረግረግ ውስጥ ምን እያደረገ ነበር? ከዚያስ በኋላ የት ሄደ?»

የተቋረጠ መስሎኝ ስልኩን ከጆሮዬ አንስቼ አየሁት፤ ሰከንዶቹ ይቆጥራሉ። መልሼ ጆሮዬ ላይ አደረግኩት። እዚያ ማዶ የብረት መዝጊያ እየተንኳኳ ወረደ፤ በጠራራ ፀሐይ ሱቁን ዘጋ። ወንበር ተጎተተ። ቀጥሎ የመጣው ድምፅ ከሆድ የሚወጣ፣ ወፍራም፣ ዝግ ያለ ነበር።

«ተቀመጪ» አለኝ። «ረጅም ነው።»

ደብተሩን ዘግቼ ተቀመጥኩ።